እህቴ ጎበዝ ነው

ሉ ያንቹ እንግሊዝኛ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ የሚጠሏት እንኳ ይህን አይክዱም። ዓሣና ጭቃ ከሚሸትበት የፖያንግ ሐይቅ ዳር መንደር ወጥታ ናንቻንግ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የገባችው በዚሁ እንግሊዝኛዋ ነው። አሁን የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ደርሳ የቀራት ስምንተኛው ደረጃ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛን ዋና ትምህርታቸው ያደረጉ ሁሉ ከመመረቃቸው በፊት በመጋቢት የሚቀመጡለት ፈተና ነው። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ሲያወሩ «ስምንቷ» ይሉታል፣ ስለ አንዲት ክፉ አክስት የሚያሙ ይመስል። ስምንቷን ካለፈች የትውልድ ወረዳዋ ትምህርት ቤት አስተማሪ አድርጎ ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል።

በቻይና አዲስ ዓመት ዕረፍት ማግስት፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን፣ መምህርት ሼ ቢሯቸው ድረስ አስጠሯት። መምህርት ሼ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ሻያቸውን በጠርሙስ ይዘው የሚዞሩ፣ ቀይ ቀለም የማይሰለቻቸው ሴት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ያንቹ ለልምምድ የጻፈችው ድርሰት ተዘርግቷል። ስለ ታላቅ ወንድሟ ነበር የጻፈችው። ወንድሜ ጀልባ ላይ ይሠራል። የዓሣ ራስ ይወድ ነበር። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ድምፁ ጎርናና ነበር። እያንዳንዱ ግስ ሥር ቀይ መስመር ተሰምሯል።

«ያንቹ፣ ይሄ ልጅ አለ ወይስ ነበረ?» አሏት።

«እሱን ነው እኔም የማላውቀው፣ መምህርት።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ደንግጠዋልም። ግን አስተማሪ አስተማሪ ነውና መነጽሩን መልሰው ሲያጠልቁ ድምፃቸውም ወደ ቦታው ተመለሰ። «ፈተናው አያዝንልሽም፣ ልጄ። ወይ አለ በይ፣ ወይ ነበረ በይ። አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻው ያዢው።»

ቀላል ምክር ነው፣ ለሚመክር። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የጉም ጠዋት፣ ወንድሟ የሚሠራባት አሸዋ ጫኝ ጀልባ ሞተሯ እየሠራ ሐይቁ ላይ ብቻዋን ስትዞር ተገኘች። ጫማው እንዳለ ነው፤ ጃኬቱ ተሰቅሏል። እሱ ግን የለም። አስከሬንም አልተገኘ። እናቷ መቃብር አላስቆፈረችም፤ በየዓመቱ በመቃብር ጠረጋ ቀን ሌላው ሰው ሁሉ ለሙታኑ ወረቀት ሲያቃጥል እሷ የሟች ባሏን እንኳ ለያንቹ ትታ በሯን ዘግታ ትውላለች። ማታ ማታ ደግሞ ለልጇ ሩዝ በሳህን ታቀርብለታለች፣ የመብያ እንጨቶቹን ጎን ለጎን አድርጋ።

ቻይንኛ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ቤት የተመቸ ቋንቋ ነው። ግሱ አያረጅም። «የዓሣ ራስ ይወዳል» እና «የዓሣ ራስ ይወድ ነበር» ሲባል ግሱ ያው አንድ ነው። እናትና ልጅ ይህን ሁሉ ዓመት ስለ እሱ ሲያወሩ ኖረው፣ አለ ወይ የለም የሚለውን አንድም ቀን መወሰን አላስፈለጋቸውም። እንግሊዝኛ ግን በር ላይ ቆሞ መታወቂያ እንደሚጠይቅ ዘበኛ ነው፤ ሳይወስኑ አያሳልፍም። ያንቹ ከቢሮው ስትወጣ ፈተናውን ጠላችው። በእርግጥ የጠላችው ፈተናውን አልነበረም።

የማዳመጥ ልምምዱ ቀትር ላይ ነው። የግቢው ሬዲዮ ጣቢያ በራሱ ሞገድ ይለቀዋል፤ ተማሪዎቹ ሬዲዮ ያለውን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው በየደረሱበት ይከታተላሉ። ዋናውም ፈተና የሚሰጠው በዚሁ መንገድ ነው። የያንቹ ማዳመጫ ሰማያዊ ነው። ተመራቂዎች ዕቃቸውን ከማደሪያው ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ሲሸጡ የገዛችው ነው፤ አንዱ ጎኑ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተጠግኗል። ደህና የሚይዘው በአሮጌው የመማሪያ ሕንፃ ደረጃ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ምግብ ቤት ሲጋፉ እሷ እዚያ ትቀመጣለች።

የልምምዱ አንባቢ ቅላጼው የተወለወለ እንግሊዛዊ ነበር። ሁልጊዜ ከመጀመሩ በፊት «ንግግሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል» ይላል። ያ ካለፈ አለፈ፤ ይደገምልኝ ብሎ ነገር የለም።

አንድ ቀን ልምምዱ ካለቀ በኋላ ማዳመጫውን ሳታወልቅ ቀረች። ጆሮዋ ውስጥ የሞገዱ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ውስጥ የወንድ ድምፅ መጣ። በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ግን ያኛው እንግሊዛዊ አይደለም። እያንዳንዷን ቃል ከሩዝ ውስጥ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው ቀስ እያለ ነው የሚያወጣት። አንድ ሰው ጀልባ ላይ ይሠራል ይላል። ሰውየው ብርድ ይዞታል ይላል። ስህተት የሞላበት ነበር፤ የግሱ ጭራ ይጎድላል፣ ቃላቱ ይዘበራረቃሉ። ያንቹ ምንም አልጠረጠረችም። ከፈተናው ክፍሎች አንዱ ስህተት ማረም ነው፣ በየመስመሩ አንድ አንድ ስህተት ተቀብሮ የሚሰጥ። አዲስ ልምምድ መስሏት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አረመችለት።

በማግስቱ ድምፁ ያንኑ ጽሑፍ አነበበ። ያረመችው ሁሉ ታርሟል። መጨረሻው ላይ አዲስ መስመር ተጨምሯል፣ አዲስ ስህተት ያለበት።

ማደሪያ ክፍል ውስጥ በዕድሜ ነው የሚጠራሩት። ወን ፔይ «ትልቋ» ናት፣ ያንቹ «ሦስተኛዋ»። ያንቹ ትልቋን እየጎተተች ደረጃው ላይ አውጥታ ማዳመጫውን ደፋችላት። ፔይ ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

«ሦስተኛዋ፣ ይሄ እኮ ዓሣ ሲጠበስ የሚሰማ ድምፅ ነው» አለች በመጨረሻ። «ምሳ እየዘለልሽ ነው፤ ጆሮሽ ተርቧል።»

ያንቹ ሳቀች። ማዳመጫውን ተቀብላ ስትደፋው ግን ድምፁ ንባቡ ላይ ነበር። ጽሑፉን ጨርሶ እንደ ልማዱ አዲሱን መስመር ጨመረ።

«እህቴ ጎበዝ ነው» አለ።

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ይህን ስህተት የማይሳሳት ቻይናዊ የለም፤ «እሱ» እና «እሷ» በአፍ አንድ ድምፅ ናቸውና በእንግሊዝኛም ይምታቱባቸዋል። ይህን ስህተት እንደ ሙያ የያዘው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ወንድሟ ትምህርቱን ያቋረጠው እሷ እንድትማር ነበር። ልጅ ሳለች ጀልባው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የቀን ትምህርቷን ታስተምረው ነበር፤ እሱና እሷን ለመለየት ስንት ደከመች። በኋላ ገብቶትም እሷን ለማናደድ ሆን ብሎ ይሳሳት ጀመር። ሰው ቤት ሲመጣ ደረቱን ነፍቶ፣ ባለችው እንግሊዝኛ፣ «እህቴ ጎበዝ ነው፤ ትልቅ ሰው ይሆናል» ይላል። እሷ በጫማ ታባርረዋለች።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ፔይ። ያንቹ «ምንም» አለች። ፔይ ስትሄድ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከፍርሃቱ ደስታው ይበልጥ ነበር። ከዚያ አፏን ወደ ማዳመጫው ጠጋ አድርጋ፣ በሹክሹክታ፣ «ጎበዝ ናት» አለችው። «ናት በል፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ቀትር «እህቴ ጎበዝ ናት» አለ። ቀጥሎም «እኔ ወንዙ አፍ ላይ ነኝ» አለ።

ያንቹ ከዚያ ወዲያ ለቀትር ብቻ የምትኖር ሰው ሆነች። ጠዋት ኩሬው ዳር ጮክ ብለው ከሚያነቡት ጋር ቆማ ታነባለች፤ ልቧ ግን ደረጃው ላይ ነው። በየቀኑ ታርመዋለች፤ በየቀኑ የታረመውን ይዞ ይመጣል፤ በየቀኑም ትንሽ ይቀርባል። አንድ ቀን ረጅሙ ድልድይ ሥር ነኝ አለ። ሌላ ቀን ዓሣ የሚሰጣበት ሜዳ ጋ። ወደ ተወለደችበት መንደር የሚወስደውን መንገድ ነበር በቃላት የሚያልፈው፣ እሷ እየመራችው። ይህ ነገር ልክ አይደለም ብላ ማሰብ ነበረባት። አላሰበችም። ስድስት ዓመት ሙሉ የናፈቁት ሰው ሲናገር ማን ነው ቆም ብሎ የሚያስብ።

እናቷ የደወለችው በዚያው ሳምንት ነው።

«የጋሼሽ ሳህን ጠዋት ጠዋት ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ» አለቻት። ድምፅዋ የልጃገረድ ሆኗል። «አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ጠርጎ ነው የሚበላው።»

«ድመት ይሆናል፣ እማ።»

«እሱን እኔም አስቤ ነበር። ግን ሥሩ ላይ አሸዋ አለ፣ ልጄ። ድመት አሸዋ አይተውም።»

ያንቹ ስልኩን እንደያዘች መተላለፊያው ላይ ቆማ ቀረች። ሰው ፍል ውኃውን በጠርሙስ ይዞ በአጠገቧ ያልፋል፤ አንዱ ይስቃል፤ ዝናቡ መስኮቱን ይመታል።

በሚቀጥለው ጊዜ እናቷ እያሳለች ነበር የምታወራው። በሩን ከፍታ ስለምታድር ልብሷ አልደርቅ ብሏታል። የሐይቁ ውኃ ደግሞ ያለ ጊዜው መጥቶ ልብስ የሚያጥቡበትን ደረጃ ሸፍኗል፤ ጎረቤት ሁሉ ይገረማል። ያንቹ የዚያን ዕለት ቀትር ጋሼዋ ያለውን አስታወሰች። ልብስ ማጠቢያው ደረጃ ጋ ነኝ ነበር ያለው።

ፈተናው ቅዳሜ ሊሆን ረቡዕ ዕለት እናቷ እንደገና ደወለች። በእርጋታ፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው፣ ልጇ በሕልሟ መጥቶ ጀልባው ላይ ምግብ የሚሠራ ሰው የለም እንዳላት ነገረቻት። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሊወስዳት ነው። ብርድ ልብሷን አጥፋ፣ ድስቷን በፎጣ አስራ አስቀምጣለች።

ያንቹ ለመነቻት። አክስቷ ቤት ሄዳ እንድታድር፣ በሩን እንድትዘጋ፣ ሩዙን እንዳታቀርብ ለመነቻት። እናቷ እስክትጨርስ ታግሣ አዳመጠቻት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቄው፣ አሁን ሲመጣ በሩን ልዝጋበት?» አለች። «አንቺ ፈተናሽን ተፈተኚ። እሱም ይኮራብሻል።»

ያን ጊዜ ነው ያንቹ የሠራችውን ያየችው። ደረጃው ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ያረመችውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰች። ጭራ የጎደለውን ግስ አርማለታለች። የተዘበራረቀውን ቃል አስተካክላለታለች። እሱንና እሷን ለይታለታለች። አንድ ስህተት ግን በየቀኑ በፊቷ ሲያልፍ ዝም ብላ አሳልፋዋለች። ጀልባ ላይ እሠራለሁ፣ ድልድዩ ሥር ነኝ፣ ወደ ቤት እመጣለሁ። አንድም «ነበር» የለበትም። የክፍሉ አንደኛ ስህተት አራሚ ትልቁን ስህተት ያላየችው ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። አውቃ ነው።

ሐሙስ ቀትር ልታርመው ማዳመጫውን ደፋች። ሹክሹክታ ብቻ። ዓርብም እንዲሁ። ጣቢያው ለፈተናው መሣሪያ ስለሚሞክር እስከ ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ የለም ተባለ። አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ እናቷ ልትሄድ ቦርሳዋን ከትታ ነበር፤ ግን ሄዳ ምን ልታደርግ ነው? በር ላይ ልትቆምበት? እዚያ ቃሏን አይሰማትም። የሚሰማት በዚህ ግቢ ሞገድ ላይ ብቻ ነው፣ ሞገዱም የሚከፈተው ለፈተናው ብቻ ነው። ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ቱ ደውላ ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ዘንድ እንድትውል ለመነቻት። ከዚያ ቦርሳውን ፈታችው።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ማዳመጫውን ደፍቶ አንገቱን ደፍቷል። ተቆጣጣሪው ለስላሳ ጫማ ያደረገ ወጣት መምህር ነበር፤ ሲራመድ አይሰማም። መልስ መስጫው ታደለ። እንግሊዛዊው ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገና «ንግግሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል» አለ።

የሁሉም እርሳስ ተንቀሳቀሰ። ያንቹ ጆሮ ውስጥ ግን ንግግሩ ጠፍቶ ውኃ መጣ። ውኃ እንጨት ሲመታ። ከዚያ እሱ።

«እኔ የትንሿ ወንድም ነኝ» አለ፤ ትንሿ የሚላት እሷን ነበር። እንዲህ ቀርቦ ተናግሮ አያውቅም፤ ትንፋሹ ጆሮዋን ያረጠባት መሰላት። «እኔ በር ላይ ነኝ። እናቴ ብርድ ልብሷን ይዛለች። እናቴ ትመጣለች።»

ያንቹ ወረቀቱ ላይ የእሱን ዓረፍተ ነገር ጻፈች፣ «ነኝ» የሚለውን ሰረዘች፣ ከላዩ «ነበርኩ» ብላ አረመች። ጠበቀች።

«እኔ በር ላይ ነኝ» አለ እንደገና።

መጻፉ አልበቃም። በአፏ ማለት ነበረባት። ሳል ያመለጠውን እንኳ በዓይን በሚቀጡበት አዳራሽ ውስጥ፣ ሁሉም ጆሮው ተደፍኖ በተቀመጠበት፣ አፏን ከፍታ ተናገረች። «ነበርኩ» አለችው። «ወንድሟ ነበርኩ በል፣ ጋሼ። በል።»

ተቆጣጣሪው ብቻ ነው የሰማው። ያለ ኮቴ መጥቶ አጠገቧ ቆመና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ያንቹ ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ምን እንዳየ እንጃ፣ ጣቱን ቀስ ብሎ አወረደና ወደ ኋላ አለ።

ጆሮዋ ውስጥ ውኃው ቆመ። እንቢ ይላል ብላ ፈራች፤ እሺ ይላል ብላ ደግሞ ከዚያ የባሰ ፈራች።

«የትንሿ ወንድም ነበርኩ» አለ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጥሩ ተማሪ። ከዚያ እሷ ሳትነግረው የቀረውን ሁሉ ራሱ ያርም ጀመር። «ጀልባ ላይ እሠራ ነበር። የዓሣ ራስ እወድ ነበር። ብርድ ይዞኝ ነበር። በር ላይ ነበርኩ።» እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ ድምፁ ይርቃል፤ መጀመሪያ ከልብስ ማጠቢያው ደረጃ፣ ከዚያ ከሜዳው፣ ከዚያ ከድልድዩ ሥር። ያንቹ እርሳሷን በሁለት እጇ ጨብጣ እንባዋ መልስ መስጫው ላይ ይወርዳል። አትሂድ ልትለው ፈለገች። አላለችም።

ከሩቅ፣ ከወንዙ አፍ፣ ሳቁን አፍኖ እንደሚናገር ሰው ሆኖ አንድ መስመር ጨመረ።

«እህቴ ጎበዝ ነው።»

ናት ማለትን ካወቀ ቆይቷል። ይህችን አላረመችበትም።

ሹክሹክታው መጣ፤ ከሹክሹክታው ውስጥ እንግሊዛዊው ተመለሰና ንግግሩ ማብቃቱን፣ አሁን ባዶ ቦታዎቹን መሙላት እንደሚገባ ነገራቸው። ዙሪያዋ ሁሉ ገጽ ይገለበጣል። የያንቹ ወረቀት ላይ አንዲት የተሰረዘች ቃልና ከላይዋ የተጻፈች ሌላ ቃል ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት ስምንቷን አላለፈችም። ወረዳው ሌላ ሰው ቀጠረ፤ እሷ እንደገና የተፈተነችው በዓመቱ ነው። መምህርት ሼ ምን እንደሆነች ሲጠይቋት፣ ድርሰቱን ስለማረም እያሰብኩ ነበር ብላ መለሰች።

የዚያን ቅዳሜ ከአዳራሹ ወጥታ ዝናቡ ውስጥ ቆማ ደወለች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ እናቷ አነሳችው።

«በሩን ዘጋሁት» አለች እናቷ። ድምፅዋ የአሮጊት ድምፅ ሆኖ ነበር፣ የራሷ። «ወይዘሮ ቱ እዚህ ናት፤ ሾርባ አምጥታልኛለች። ውኃውም ሸሸ።» ከዚያ ጨመረች። «ለመቃብር ጠረጋ ቀን ስትመጪ የሚቃጠል ወረቀት ከከተማ ይዘሽ ነይ። የዚህ መንደሩ ቶሎ አመድ አይሆንም።»

«ለአባባ የሚሆን አለ እኮ፣ እማ።»

«ለጋሼሽ ነው» አለች እናቷ።

በመቃብር ጠረጋ ቀን ሁለቱ ሐይቁ ዳር፣ ውኃው ሸሽቶ ሣር በበቀለበት ላይ ተንበረከኩ። ያንቹ ወረቀቱን በፖስታ አሽጋ ስሙን በጉልህ ጻፈችበት። ከስሙ ሥር በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጨመረች። እናቷ እሳቱን ከነፋስ እየከለለች ምን እንደሚል ጠየቀቻት።

ያንቹ ወደ ቻይንኛ መለሰችላት። «እሱ» እና «እሷ» በአንድ ድምፅ በሚጠሩበት ቋንቋ ስህተቱ የት እንደገባ ጠፋ።

«እውነቱን ነው» አለች እናቷ፣ ፖስታውን ተቀብላ እሳቱ ውስጥ እየከተተች። «ሁልጊዜ እንዲህ ይል ነበር።»

ቃሉ ያው ቃል ነው፣ በቻይንኛ ግስ አያረጅም። ያንቹ ግን የሰማችው «ነበር» ነው።